ስለ አቀንጭራ ፤ የኬሚካል ምሕንድስና ለሐብሩ ማሽላ ወደ ፊት ሊመረምረው ስለሚገባው ነገር

በሰሜን ወሎ ከወልድያ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው ስሪንቃን አልፎ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መርሳ ይደርሳል። በምዕራብ በኩል ተራራው ይቆማል፤ በምሥራቅ በኩል አገሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በዚህ አገር በቆላውና በወይና ደጋው ከሚዘሩት እህሎች ዋነኛው ማሽላ ነው። ማሽላ ለሐብሩ ገበሬ መብል ብቻ አይደለም። ፍሬው እንጀራና ጠላ ይሆናል፤ አገዳው በበጋ የከብት መኖ ነው፤ የተረፈው ይነድዳል፤ ለጎጆና ለአጥርም ይሆናል። ስለዚህ ማሽላ የጠፋበት ሰው መብሉን፣ የበሬውን መኖና ማገዶውን በአንድ ጊዜ ያጣል።

ማሽላን ከሚያጠፉት ጠላቶች ድርቅና ወፍ፣ አገዳ ቆርቁርም በዓይን የሚታዩ ናቸው። አንዱ ጠላት ግን ሥራውን የሚሠራው ከመሬት በታች ነው፤ ስሙም አቀንጭራ ይባላል። ስሙ መቀንጨር ከሚለው ቃል የወጣ ስለ ሆነ፣ ባላገሩ የዚህን አረም ጠባይ ከሊቃውንት አስቀድሞ ዐውቆ ስም አውጥቶለታል ማለት ይቻላል። አቀንጭራ የያዘው ማሽላ ዝናም ሳይጎድለው ዝናም እንደ ጎደለው ይሆናል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ቁመቱ ያጥራል፤ ራሱም ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። ገበሬው ሐምራዊውን አበባ በማሽላው እግር ሥር ባየ ጊዜ ይነቅለዋል፤ ዳሩ ግን አበባው በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ አብዛኛው ተፈጽሟል። አረሙ ከመሬት ሳይወጣ ለብዙ ሳምንት በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ሲጠባ ቆይቷልና። ይህን ስንል መንቀሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ሳያፈራ የተነቀለ አቀንጭራ ለከርሞ ዘር አይጥልም።

ዘሩ ነው ዋናው ችግር። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ዘር ይጥላል። እያንዳንዱ ዘር የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ እንደ ብናኝ ሆኖ በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በከብት ኮቴና በዘር እህል ውስጥ ተደባልቆ ከእርሻ ወደ እርሻ ይሄዳል። በአፈርም ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መሬቱን አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ጦም ማሳደር አያድነውም።

ይህ ዘር እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በውስጡ የሚበቃ ስንቅ የለውም። በበቀለ በጥቂት ቀን ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘ ይሞታል። በዚህ ምክንያት ዝናም ስላገኘ ብቻ አይበቅልም። በመጀመሪያ እርጥበትና ሙቀት ባለው አፈር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይሰነብታል፤ ከዚያም በኋላ የማሽላ ሥር በጥቂት ሚሊሜትር ቅርበት መኖሩን የሚነግረው ምልክት ይጠብቃል። ይህ ምልክት ከማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚወጣ፣ መጠኑም ለመለካት እንኳ የሚያስቸግር አንድ ቅመም ነው። እንግዲህ የአቀንጭራ ነገር ከአረም ነገርነት አልፎ የኬሚስትሪ ነገር የሚሆነው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ቅመም በመጀመሪያ ለይተው ያወጡት የአሜሪካ ሊቃውንት ናቸው፤ ጊዜውም በአውሮጳ አቆጣጠር 1966 ነበረ። የሚያስደንቀው ነገር ቅመሙን ያገኙት ከማሽላ ሥር ሳይሆን ከጥጥ ሥር መሆኑ ነው። ጥጥ አቀንጭራን ይጠራዋል፤ ነገር ግን አይመግበውም። ጥጥ በተዘራበት መሬት የአቀንጭራ ዘር ተታሎ ይበቅልና በራብ ይሞታል። ሊቃውንቱ ቅመሙን ስትሪጎል አሉት፤ ከዚያ ወዲህ አያሌ ዘመዶቹ ስለ ተገኙ ሁሉም በአንድነት ስትሪጎላክቶን ይባላሉ። ማሽላ ጠላቱን ስለ ምን እንደሚጠራ ግን ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ይኸውም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2005፣ የጃፓን ሊቃውንት ምክንያቱን አገኙ። የተክል ሥር በዚህ ቅመም የሚጠራው በአፈር ውስጥ የሚኖሩትን፣ ፎስፎረስ የተባለውን ምግብ ፈልገው የሚያመጡለትን ጠቃሚ የፈንገስ ወገኖች ነው። አቀንጭራ ለወዳጅ የተላከውን ጥሪ ሰምቶ የሚመጣ ሌባ ነው። እንደ ተራበ ሰው ሁሉ ምግብ ያነሰው ማሽላም ጥሪውን ያበዛል፤ ስለዚህ መሬቱ በደኸየ መጠን አቀንጭራው ይበረታል። የሐብሩ ሽማግሌዎች አቀንጭራ የደከመ መሬት ልጅ ነው ቢሉ የሊቃውንቱን ቃል በሌላ አነጋገር መናገራቸው ነው።

ከዚህ እውቀት ሦስት መንገድ ይወጣል። አንደኛው ማሽላውን ዝም ማሰኘት ነው፤ ሁለተኛው ማሽላ በሌለበት ጊዜ ሐሰተኛ ጥሪ ጠርቶ አቀንጭራውን ማጥፋት ነው፤ ሦስተኛው ማሽላውን አጥግቦ እንዳይጣራ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ብዙ ተሄዶበታል፤ ሁለተኛው ገና ጅምር ነው፤ ሦስተኛው ዋጋው ከባድ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ስማቸው በዓለም የተጠራው ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላሪ በትለር ከተባሉ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው፣ ከማሽላ ዘሮች መካከል ጥሪያቸው ዝቅ ያለ መኖራቸውን ተረዱ። ይህን ለመለየት ማሽላውን እስኪያፈራ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ከባሕር ሣር በሚወጣ፣ እንደ አጥሚት በረጋ ነገር ውስጥ የማሽላውን ዘርና የአቀንጭራውን ዘር አብረው አኑረው፣ የማሽላው ሥር ከምን ያህል ርቀት አቀንጭራን እንደሚያበቅል ይለኩ ነበር። እንደዚህ ባለው ቀላል ምርመራ ከተመረጡት ዘሮች ጎብዬና አብሽር የተባሉት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተሰጡ። ፕሮፌሰር ገቢሳም በአውሮጳ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በ2017 ዝምታው ከምን እንደሚመጣ በግልጥ ታወቀ፤ እነዚህ ማሽላዎች ጨርሶ ዝም አላሉም፤ አንድ ጠባያቸው ስለ ተለወጠ አቀንጭራን አጥብቆ የሚጠራውን ቅመም ትተው ኦሮባንኮል የተባለውን፣ አቀንጭራ ብዙም የማይሰማውን ቅመም ያወጣሉ።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የወሎ ገበሬ ማሽላን በፍሬው ብቻ አይመዝነውም። እነዚህ ዘሮች አጫጭርና ቶሎ የሚደርሱ ናቸው፤ ቶሎ መድረሳቸው ዝናም ባነሰ ዓመት ያድናል፤ ማጠራቸው ግን መኖውንና ማገዶውን ይቀንሳል። ገበሬው አዲሱን ዘር ተቀብሎ በእርሻው ጥግ ዘርቶ፣ ዋናውን መሬት ለረጅሙ የአባቱ ማሽላ ቢተው፣ ይህን ስንፍና ነው ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ሂሳብ ዐዋቂነት ነው። በሐብሩ ወረዳ ያለው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ለዚህ አገር የሚስማሙ የማሽላ ዘሮችን ሲያወጣ የቆየውም ስለዚህ ነው፤ ከነዚህም አንዱ በሐብሩ ያለውን የጊራናን ስም ይዞ ጊራና 1 ይባላል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ይኸውም ሐሰተኛው ጥሪ፣ የኬሚካል ምሕንድስና ጉዳይ ነው። የዚህ ሙያ ትርጓሜ ለብዙ ሰው ግልጥ ስላልሆነ በምሳሌ መግለጥ ይገባል። ኬሚስት በብልቃጥ ውስጥ አንድ ነገር ይሠራል። የኬሚካል መሐንዲስ ያንኑ ነገር በጋን ይሠራዋል። አንድ ሰው ይህ ሥራ መጠኑን ማብዛት ብቻ ነው ብሎ ያስብ ይሆናል። በቤትዋ ለአንድ እንግዳ ቡና የምታፈላ ሴት ለሠርግ የሚበቃ ጠላ በጠመቀች ጊዜ ልዩነቱን ታውቀዋለች። ትንሽ ዕቃ ወዲያው ይሞቃል፣ ወዲያውም ይበርዳል፤ ትልቅ ጋን ግን ሙቀቱን በሆዱ ይዞ ይቆያል፤ ዳር ዳሩ ሲበርድ መካከሉ ይፈላል፤ በማሰሮ የታወቀው የጌሾና የብቅል መጠን በጋን አይሠራም። ምሕንድስናው ይህን ልዩነት በቁጥር ማወቅ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የማዳበሪያ ታሪክ ነው። በ1909 በአውሮጳ አቆጣጠር ፍሪትዝ ሀበር የተባለው የጀርመን ኬሚስት ከነፋስ ውስጥ የሚገኘውን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞንያ የተባለውን ቅመም በጠብታ አወጣ። በሰዓት የሚያወጣው ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ይህን በፋብሪካ እንዲሠራ የታዘዘው ካርል ቦሽ ነበረ። ሀበር ሥራውን የሚያፋጥንበት ኦስሚየም የተባለ ብርቅ ማዕድን በዓለም ሁሉ ተሰብስቦ ለፋብሪካ አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ የቦሽ ረዳት አልቪን ሚታሽ በሺህ የሚቆጠሩ ቅመሞችን ፈትኖ ርካሽ ከሆነው ከብረት የሚሠራ አፋጣኝ አገኘ። ቀጥሎም የብረቱ ጋን በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈነዳ ጀመር፤ ሃይድሮጅኑ በታላቅ ግፊት ወደ ብረቱ ገብቶ ጥንካሬውን ይበላው ነበርና። ቦሽ በጋኑ ውስጥ ለስላሳ ብረት ደርቦ፣ የውጭውን ብረት በቀዳዳ አስተነፈሰው፤ መፈንዳቱም ቀረ። በ1913 ኦፓው በተባለ ስፍራ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ከብልቃጡ እስከ ጋኑ አራት ዓመት አለፈ፤ ያለፈውም በኬሚስትሪ ችግር ሳይሆን በብረት፣ በሙቀትና በዋጋ ችግር ነው። ዛሬ በሐብሩ በማሽላና በጤፍ ላይ የሚበተነው ዩሪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ወደ አቀንጭራ ስንመለስ፣ ሐሰተኛ ጥሪ በአንድ አገር በእርግጥ ተፈትኖ ድል አድርጓል። በ1956 በአሜሪካ በሁለቱ የካሮላይና ግዛቶች የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ ቀይ አበባ ያለው አረም በበቆሎ ውስጥ ተገኘ። መንግሥቱ የተያዘውን መሬት ከለለ፤ ከሌሎች ዘዴዎች ጋርም ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ በትራክተር መርፌ በአፈር ውስጥ አስገባ። ኤቲሊን የአረሙን ዘር ያለ ጊዜው ያበቅለዋል፤ ዘሩም ሥር አጥቶ ይሞታል። ይህ ጋዝ ለመርሳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ማንጎና ሙዝ በሚበስሉበት ጊዜ ከራሳቸው የሚያወጡት፣ ያልበሰለውንም በሣጥን ውስጥ የሚያበስለው ይኸው ነው። ዳሩ ግን የአሜሪካው ሥራ ብዙ ዐሥርት ዓመታት፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትራክተር ጠይቋል። በሐብሩ በተዳፋት ላይ ባለው፣ በበሬ በሚታረሰው፣ ከአንድ ሄክታር በማይበልጠው ማሳ ላይ የጋዝ በርሜል ይዞ መዞር አይታሰብም። እንግዲህ ጋዝ ያልሆነ፣ ገበሬው በእጁ ሊበትነው የሚችል ሐሰተኛ ጥሪ ያስፈልጋል።

እንደዚህ ያለው ቅመም በኬሚስቶች እጅ አለ። ጂ አር 24 የተባለው በእንግሊዝ አገር የተሠራው ሰው ሠራሽ ስትሪጎላክቶን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ይታወቃል። በ2018 በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ኤስ ፒ ኤል 7 የተባለ፣ እጅግ በጥቂት መጠን አቀንጭራን የሚያበቅል ቅመም አወጡ። በ2019 የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ በቡርኪና ፋሶ እርሻ ላይ በቀላሉ የሚሠሩ ቅመሞች ከዘር በፊት ተረጭተው የአቀንጭራውን ብዛት በግማሽ ያህል እንደ ቀነሱ አስረድቷል። እንግዲህ በብልቃጥ የሚሠራው ታውቋል። ያልታወቀው በጋን የሚሠራው ነው፤ ወደ ፊት ሊመረመር የሚገባውም ይህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ማምረቱ ነው። ተፈጥሮ የሚያወጣውን ስትሪጎል በኬሚስትሪ ለመሥራት ብዙ ደረጃ ያስፈልጋል፤ በያንዳንዱም ደረጃ ከቅመሙ ከፊሉ ይባክናል። አሥር ደረጃ ያለው ሥራ በያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ ሰባ እጅ እንኳ ቢያተርፍ፣ በመጨረሻው የሚቀረው ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም፤ ይህን ማንም ሰው በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት ደረጃው ጥቂት የሆነ፣ ጠባዩ ግን ስትሪጎልን የሚመስል ቅመም ይፈልጋሉ። ሌሎች ደግሞ በ2021 በካሊፎርኒያ ባክቴሪያንና እርሾን በአንድ ዕቃ አብረው አሳድገው ስትሪጎላክቶንን እንደ ጠላ ጠምቀው አውጥተዋል። የተገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ነገሩ ለኢትዮጵያ ተስፋ ይሰጣል፤ ጥንስስ ለዚህ ሕዝብ አዲስ ጥበብ አይደለምና።

ሁለተኛው ችግር አፈሩ ነው። እነዚህ ቅመሞች በሎሚ ውሃ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ፤ በአመድ ውሃ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ግን ቶሎ ይፈርሳሉ። የቆላው ጥቁር መሬት ብዙ ጊዜ ወደ አመዱ ጠባይ ያዘነብላል። እንግዲህ በአንድ አገር ቀይ አፈር የተሳካ መድኃኒት በሌላ አገር ጥቁር አፈር ከአቀንጭራው ዘር ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። ቅመሙን ከሸክላ፣ ከሰም ወይም ከሌላ ሽፋን ጋር አዋሕዶ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ማድረግ የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ ይህም በሌላ አገር ተፈጽሞ ሊላክ የማይችል፣ በየአፈሩ ላይ ሊፈተን የሚገባው ሥራ ነው።

ሦስተኛውን ችግር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የአቀንጭራ ዘር በሚታረሰው አፈር ሁሉ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። አንድ ሄክታር መሬት እስከ አንድ ስንዝር፣ ማለት እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቢለካ 2,000 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። ቅመሙ ዘሩን ለማግኘት በዚህ አፈር ሁሉ መዳረስ አለበት። የሚያዳርሰው ውሃ ነው። ከዝናም 20 ሚሊሜትር የሚያህል ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ ቢወርድ 200,000 ሊትር ነው። ገበሬው በጀርባው የሚያዝለው መርጫ 20 ሊትር ቢይዝ፣ ይህን ውሃ ለማፍሰስ አሥር ሺህ ጊዜ መመላለስ ሊኖርበት ነው። እንግዲህ መድኃኒቱን በመርጫ አዳርሳለሁ ማለት ከንቱ ነው። መድኃኒቱ ደረቅ ፍሬ ሆኖ ተበትኖ፣ ዝናሙን የሚጠብቅ፣ ዝናሙ ሲመጣም ከዝናሙ ጋር የሚወርድ መሆን አለበት። ትንሽ ዝናም ቢመጣ እንዳይባክን፣ ጎርፍ ቢመጣ እንዳይታጠብ የሚያደርገው ጥበብ ግን ገና አልተገኘም።

አራተኛው ችግር ጊዜ ነው፤ ሐብሩን ከሌላው አገር የሚለየውም ይህ ነው። አቀንጭራው ሐሰተኛውን ጥሪ ሊሰማ የሚችለው በርጥብ አፈር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ከሰነበተ በኋላ ነው፤ በቅሎም እስኪሞት ድረስ ማሽላው መዘራት የለበትም። በጠቅላላው ወደ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ እርጥበት ይባክናል። ዝናሙ በመስከረም መጀመሪያ በሚያቆምበት አገር ሦስት ሳምንት ማለት የማሽላው ፍሬ ሙላትና ጎድሎት ማለት ነው። ይህን ዐውቆ መድኃኒቱን እምቢ የሚል ገበሬ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሐብሩ ሁለት ዝናም አለው። የበልጉ ዝናም በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ይመጣል፤ ይበዛል ይጎድላል፤ ገበሬውም በቂ ሆኖ ሲያገኘው ረጅሙን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ ሳይበቃ ሲቀር ግን እስከ ሐምሌ ቆይቶ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። እነሆ፣ እህል ለማብቀል የማይበቃ በልግ አቀንጭራን ለማብቀል ይበቃ ይሆናልን? በልጉ በከሸፈበት ዓመት ጦሙን በሚያድረው ማሳ ላይ መድኃኒቱ ቢበተን፣ የአቀንጭራው ዘር በሚያዝያ በቅሎ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ይሞትና መሬቱ በሐምሌ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ እስካሁን ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ዳሩ ግን ለሐብሩ፣ ለወልድያ ዙሪያና ለራያ ቆላ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል፤ ጥያቄውንም አንድ ዝናም ብቻ ያለው አገር ሊመረምርላቸው አይችልም።

ሦስተኛው መንገድ ማሽላውን ማጥገብ ነው ተብሏል። በናይትሮጅንና በፎስፎረስ የጠገበ ማሽላ ጥሪውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማዳበሪያም ፍግም የአቀንጭራ መድኃኒት ናቸው። ችግሩ ዋጋው ነው። ዩሪያ ከባሕር ማዶ ተሠርቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ወልድያ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው በየመንገዱ ይጨምራል። የኢትዮጵያ መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ውል ተዋውሏል፤ ኃይሉና ሃይድሮጅኑም ከኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ እንዲገኝ ታስቧል። በሀበርና በቦሽ መንገድ አሞንያ መሥራት ከዓለም ኃይል ሁሉ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይበላል፤ ስለዚህ በዘመናችን የኬሚካል መሐንዲሶች ጋዝን ትቶ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣትን እንደ ገና ይመረምራሉ። እንደ ገና የተባለው ነገሩ አዲስ ስላልሆነ ነው፤ በግብፅ በአስዋን ከ1960 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዓባይ ኤሌክትሪክ ማዳበሪያ ይሠራ ነበር። ብዙ የውሃ ኃይል ላላት ለኢትዮጵያ ይህ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ርካሽና የማይቋረጥ ካልሆነ በቀር ፋብሪካው ኪሳራ ይሆናል።

ስለ መድኃኒቱ ጉዳት መናገር ያስፈልጋል። ስትሪጎላክቶን ወዳጆቹን ፈንገሶች የሚጠራ ቅመም ነው፤ ከ2008 ጀምሮም የተክልን ቅርንጫፍ የሚቆጣጠር መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ሠራሽ ቅመም በአፈር ላይ የበተነ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ለብዙ ፍጡር ደብዳቤ እንደ ላከ ይቆጠራል። በፈንገሱ፣ በሚቀጥለው ሰብልና በምንጭ ውሃ ላይ የሚያደርገው ነገር ሳይመረመር ወደ ገበያ መውጣት የለበትም። በመርሳም ሆነ በወልድያ ገበያ የአቀንጭራ መድኃኒት ነው ተብሎ ስሙና ፈቃዱ ያልታወቀ ዱቄት ቢሸጥ፣ ሹሙ ሻጩን ፈቃድ ሊጠይቀው ይገባል። መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ጥጥ፣ ሰሊጥና ለውዝ የመሳሰሉትን እያፈራረቁ መዝራት፣ ሳያፈራ መንቀል፣ ፍግም መጨመር ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው የተፈተነ ነው።

ይህን ሁሉ የሚመረምረው ማን ነው? በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የኬሚካል ምሕንድስና የሚያስተምሩ ተቋማት አሉ፤ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በስሪንቃ ዘሩንና ማሳውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ዳሩ ግን የስሪንቃ ማእከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በያዘበት ጊዜ ተዘርፈዋል፤ መሣሪያቸውም ተሰብሯል። ሚዛንና ማቀዝቀዣ በገንዘብ ይተካል። በብዙ ዓመት የተሰበሰበ የዘር ናሙናና በመዝገብ የተጻፈ ቁጥር ግን በገንዘብ አይገዛም። የምርምር መሰናክል የእውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የተጀመረው ነገር እስኪፈጸም የሚበቃ ሰላም ማጣት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

የጠፋውን ቁጥር እንደ ገና ለመሰብሰብ የወረዳና የቀበሌ ሠራተኞች ብዙ ሊረዱ ይችላሉ፤ ሥራውም ላቦራቶሪ አይጠይቅም። በመስከረም መጨረሻ አቀንጭራ ያለበትን ማሳ መርጦ፣ በአምስት ስፍራ አንድ አንድ ሜትር ካሬ ለክቶ፣ በውስጡ የቆመውን አቀንጭራ መቍጠርና የማሽላውን ዓይነት፣ የተዘራበትን ወር፣ ባለፈው ዓመት የተዘራውን ሰብልና የተጨመረውን ማዳበሪያ መጻፍ ነው። በልጉ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን በየዓመቱ በአንድ መዝገብ ቢጻፍ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ መነሻ ይሆናል። የአፈር ናሙና በተጠየቀ ጊዜ ከነዚያው አምስት ስፍራዎች እስከ አንድ ስንዝር ተቆፍሮ ይወሰዳል፤ አንድ ላይ ተደባልቆ በጥላ ይደርቃል፤ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ የቀበሌው ስም፣ የማሳው ምልክትና ቀኑ ይጻፍበታል። ናሙናው ራሱ የአቀንጭራ ዘር የያዘ ስለ ሆነ፣ ዶማው፣ ጫማውና ከረጢቱ ከማሳው ሳይወጡ መራገፍ አለባቸው፤ ከምርመራ የተረፈው አፈርም በእርሻ ላይ አይደፋም፤ በእሳት ይቃጠላል።